የላስታ የድንጋይ ጎጆ፦ ያልተነበበ የታሪክ ሰነድ

ስለ ኢትዮጵያ ኪነ ሕንፃ በተነሣ ቁጥር ብዕራችን የሚያዘነብለው ወደ አክሱም ሐውልቶች፣ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥት ነው። እነዚህን ያነጹ ሰዎች ይኖሩበት የነበረውን ቤት ግን እምብዛም አላጠናነውም። ይህች አጭር ጽሑፍ የምታወሳው ይህንኑ የተዘነጋ ቤት፣ በተለይም በላሊበላ የሚገኘውን የላስታን ባለ ፎቅ ክብ ጎጆ ነው።

ጎጆው የሚሠራው ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ በክብ ይካባል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ፎቁ ለሰው መኖሪያ ያገለግላል፤ ወደ ፎቁም በውጭ በኩል በደረጃ ይወጣል። ክብነቱም ጥቅም አለው። በወጉ ያልተጠረበ ድንጋይ ለማዕዘን አይመችም፤ ክብ ግንብ ደግሞ ማዕዘን አያሻውም። የደቡብና የምሥራቅ እንግሊዝ መንደርተኞችም በዚሁ ችግር ተፈትነዋል። በምድራቸው የሚገኘው ባልጩት ማዕዘን ስለማያወጣ የቤታቸውን ጠርዝና የመስኮቱን ዳር በሸክላ ጡብ አጠናክረዋል።

ከዚህ ላይ ልናሰምርበት የምንሻው የቤቱን ቀዳሚነት ነው። በታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ላይ በር፣ መስኮትና ፎቅ ተቀርጾባቸዋል፤ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የወራጅ ጫፎች እንኳ አልቀሩም። እንጨትና ድንጋይ የሚፈራረቁበት ግንብ በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ በእውን ቆሞ ይታያል፤ በቤተ አማኑኤል ደግሞ ያው ግንብ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ተመስሏል። ክቡ የላስታ ጎጆ የዚህ ማዕዘናማ ስልት ቅጂ ነው አንልም። የምንለው፣ ታላቁ ሕንፃ የተወለደው ከቤት ሠሪው ሙያ ነው። ምስሉን እያደነቁ አብነቱን መዘንጋት ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም። ኤኖ ሊትማን የመሩት የጀርመን ተልእኮ በ1906 እ.ኤ.አ. አክሱምን ሲያጠና ከጥንታዊው ፍርስራሽ ጋር የሰሜን ኢትዮጵያን መኖሪያ ቤቶችም ለክቶ በ1913 አሳትሟል። እኛ ያንን ፈለግ አልተከተልንም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ኋላም ቅርሱን ለመጠበቅና ቱሪዝምን ለማስፋፋት ሲባል በዙሪያቸው ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎች ተነሥተው በሌላ ሥፍራ ሰፈሩ። ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ በቅርስነት ቀርተዋል። ይሁን እንጂ የሣር ክዳንን ከነቀዝ የሚጠብቀው የምድጃ ጭስ ነው፤ ዝናም ያጠበው ጭቃም በየጊዜው የሚመርገው እጅ ይሻል። ነዋሪው የወጣበት ጎጆ ቢቆምም ሙያው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ይህን የምንጽፈው በቡሪየን፣ በእንጨት ቤቶች መካከል ሆነን ነው። ጎጆውን ከዚህ ሆነን ልንጠግን አንችልም። ነገር ግን በስደት ካሉት አዛውንት መካከል በልጅነቱ ለግንበኛ ድንጋይ ያቀበለ፣ ሣር ሲከደን ያየ አይጠፋም። የማገሩን፣ የወጋግራውንና የጉልላቱን ስም፣ የጭቃውን አቦካክ፣ የደቦውን ሥርዓት ከአንደበታቸው መመዝገብ የአቅማችን ነው። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው፤ አዛውንቱ ደግሞ ጊዜ የላቸውም።