የበረዶ ንጣት በጥቁርና ነጭ ህትመት፦ ከፊልሙ ይልቅ ወረቀቱ

ስለ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የተጻፉ መማሪያዎች ወደ በረዶ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ካሜራው ነው፤ የብርሃን መለኪያው እንዴት እንደሚያሳስት፣ ምን ያህል ብርሃን መጨመር እንደሚገባ፣ የትኛው ማጣሪያ እንደሚሻል። ምክሩ ትክክል ነው። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው የበረዶ ፎቶግራፍ የሚበላሸው በሜዳ ሳይሆን በጨለማው ክፍል ነው። በረዶ በረዶ መስሎ የሚወጣው፣ ወይም ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሎ የሚቀረው፣ ወረቀቱ ላይ በሚደረግ ውሳኔ ነው።

የካሜራውን ጉዳይ ባጭሩ እንጨርስ። ገና የወደቀ ንጹሕ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። የብርሃን መለኪያ ግን ፊቱ ያለውን ሁሉ 18 በመቶ ገደማ እንደሚያንጸባርቅ መካከለኛ ግራጫ ይቆጥረዋል። መለኪያውን እንዳለ ያመነ ሰው በረዶውን አመድማ ያደርገዋልና ሁለት እርከን ገደማ ብርሃን ይጨመራል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያዘጋጁት የዞን ሥርዓት ይህን በደረጃ አስቀምጦታል፦ መካከለኛው ግራጫ 5ኛ ዞን፣ የገጹ ዝርዝር በግልጽ የሚለይ ብሩህ ነገር 7ኛ፣ ዝርዝሩ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው 8ኛ፣ ባዶው ወረቀት 10ኛ። በረዶ አይቶ የማያውቅ የአገራችን ፎቶግራፍ አንሺም ችግሩ እንግዳ አይሆንበትም። በጥምቀት ዕለት በቀትር ፀሐይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ያነሣ ሁሉ የነጠላውን እጥፋት ለማዳን የታገለው በእነዚሁ ዞኖች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት በቀላሉ አይሰበርም። ከሚገባው በላይ አንድ ወይም ሁለት እርከን ቢሰጠውም በበረዶው ጉብታና ጎድጓዳ መካከል ያለውን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። በረዶ በኔጌቲቩ ላይ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ስለሆነ በኢንላርጀሩ (ኔጌቲቩን አጉልቶ በሚያትመው መሣሪያ) ሥር ወደ ወረቀቱ የሚደርሰው ብርሃን ከሁሉ ያነሰ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ለትንሽ ብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ዘገምተኛ ነው፤ መጀመሪያ ምንም አያሳይም፣ ቀጥሎ እጅግ ቀስ ብሎ መጥቆር ይጀምራል። ነፋስ በበረዶው ላይ የሠራው ሞገድ፣ የእግር ዱካ፣ የተደረመሰ ጠርዝ፣ ሁሉም በመካከላቸው ያለው የብርሃን ልዩነት ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ልዩነት የሚያርፈው ወረቀቱ መለየት በሚያቅተው ስፍራ ላይ ነው። ጥሩ አንጸባራቂ ወረቀት ከንጣቱ እስከ ጥቁረቱ አንድ መቶ እጥፍ ያህል ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ በረዶው ግን ከዚህ ሁሉ ስፋት የሚያገኘው ከላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፦ በደንብ የታተመ በረዶ ነጭ አይደለም። ብዙ ዓይነት ፈዛዛ ግራጫ ነው። ባዶ ወረቀት የሚፈቀደው ፀሐይ በቀጥታ ለምታንጸባርቅባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ነው።

ስለዚህ አታሚው ሥራውን ከላይ ይጀምራል። የብርሃኑን ጊዜ የሚወስነው ለበረዶው ነው፤ ጥቁሩን የሚያስተካክለው ደግሞ በኮንትራስቱ ነው። የኢልፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 ለገበያ ያቀረበው መልቲግሬድ ወረቀት ለዚህ ትልቅ ነፃነት ሰጥቷል፤ ምክንያቱም በአንድ ወረቀት ላይ ማጣሪያ እየቀያየሩ ለበረዶው ለስላሳ፣ ለዛፉና ለድንጋዩ ጠንካራ ኮንትራስት መስጠት ይቻላል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በጎን በምታበራ ፀሐይ የተነሣ በረዶ ራሱ ጥላ አለውና ለስላሳ ማጣሪያ ይበቃዋል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግን ጥላ የለም፤ ያኔ በለስላሳ ማጣሪያ የታተመ በረዶ ጭቃማ ጉም ይሆናል። ሁለቱን በአንድ የኮንትራስት ቁጥር ማተም ሁለቱንም ማጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ለሌላ ሥዕል ጥቃቅን ናቸው፤ በረዶ ግን አንዱንም አይሸፍንም። በውሃ ውስጥ ያለ ህትመት ደማቅ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጨልማል፤ በተለይ ፋይበር ወረቀት። በዛፍ ቅርፊት ላይ የማይታወቅ ለውጥ በረዶን ያደበዝዛል። አዳምስ የሙከራ ቁራጮችን በማይክሮዌቭ እያደረቀ ይፈርድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በጨለማው ክፍል የሚበራው የቀዩ መብራት ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በባዶ ወረቀት ላይ ለብቻው ምንም ምልክት የማይተው ደካማ ብርሃን፣ በረዶው ከኢንላርጀሩ ባገኘው ጥቂት ብርሃን ላይ ሲደመር ልዩነቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ስለዚህ መብራቱን ለመፈተን ሳንቲም በባዶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ወረቀቱ አስቀድሞ ጥቂት ብርሃን ያገኘ መሆን አለበት። ፎቶግራፉ ሲነሣ ፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራም በህትመቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ነጭ ነጥብ ቢሆን በቀለም ይሸፈናል፤ በበረዶ መካከል ያለ ጥቁር ነጥብ ግን በስለት መፋቅን ወይም በኬሚካል ማንጣትን ይጠይቃል።

የቀለም ጉዳይም አለ። በጠራ ቀን የበረዶ ጥላ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። የጥንቶቹ የመስታወት ፊልሞች ለሰማያዊ እጅግ ንቁ ስለነበሩ ጥላውንም ሰማዩንም ያነጡ ነበር፤ ተራራና ሰማይ አንድ ሆነው የሚጠፉበት ጊዜ ነበር። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ሴላ (1859–1943) በከባድ የመስታወት ፊልም የአልፕስን፣ የአላስካንና የካራኮረምን ተራሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ በምድር ወገብ አጠገብ ያለውን የሩዌንዞሪን በረዶ አነሣ። አዳምስ በጥልቅ ያደንቀው ነበር። የሴላ አባት ጁሴፔ ቬናንዚዮ እ.ኤ.አ. በ1856 ስለ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበርና ልጁ በኬሚካል ቤት አድጓል ማለት ይቻላል። ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ሲመጣ ቢጫና ቀይ ማጣሪያ ሰማዩን ማጥቆር አስቻለ። አዳምስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1927 ሃፍ ዶም የተባለውን የድንጋይ ገደል በጥልቅ ቀይ ማጣሪያ አንሥቶ ሰማዩን ጥቁር አድርጎታል። ለዚያ ድንጋይ ውጤቱ ግሩም ነው። ሰፊ የበረዶ ሜዳ ላይ ግን ቀይ ማጣሪያ ጎድጓዳውን ሁሉ ስለሚያጠቁር በጥላ ውስጥ ያለውን ብርሃን ይገድላል፤ ቢጫውን እመርጣለሁ።

ንጣት የሚታየው ደግሞ ከጎኑ ባለው ነው። በቨርሞንት ይኖር የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የበረዶ ቅንጣትን በማይክሮስኮፕ አንሥቶ ከ5,000 በላይ ምስሎች የሰበሰበው፣ ቅንጣቱ ጎልቶ እንዲታይ በኔጌቲቩ ቅጂ ላይ ዙሪያውን እየፋቀ ዳራውን ያጠቁር ነበር። የመልክዓ ምድር አታሚም አንድ ጥልቅ ጥቁር ያስፈልገዋል፤ የድንጋይ ስንጥቅ ወይም የጥድ ግንድ ይበቃል። ሥዕሉን ከሚከብቡት ካርቶኖች እጅግ ነጩ ደግሞ በጥንቃቄ የታተመውን በረዶ ያቆሽሻል፤ ብዙ ኤግዚቢሽኖች ይህን ቸል ማለታቸው ያሳዝናል።

ውሳኔው በወረቀቱ ላይ ከሆነ፣ ከሥዕሉ ሥር ኔጌቲቩ የተነሣበትን ዓመት ብቻ መጻፍ ጎደሎ መረጃ ነው። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ያነሣውን «የጨረቃ መውጫ፣ ኸርናንዴዝ» ለአሥርታት ደጋግሞ አትሞታል። በቀደሙት ህትመቶች ሰማዩ ደመና የሚታይበት ግራጫ ነው፤ በኋለኞቹ ከጥቁር የማይለይ ሆኗል፤ ከሩቅ ተራሮቹ ጫፍ ላይ ያለው በረዶም በሁለቱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይነበብም። ስለዚህ ሙዚየሞችም አሳታሚዎችም ከተነሣበት ዓመት ጎን የታተመበትን ዓመት፣ የወረቀቱን ዓይነትና ያተመውን ሰው ስም እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።