ብቻውን ያየ ሰው

ከቴክሳስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከኤል ፓሶ ከተማ ተነሥቶ፣ ድንኳኑንና ውኃውን በመኪናው ጭኖ ብቻውን ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በረሃውን ያቋርጣል። ነጩን የጨው ሜዳ እንዳለፈም የጓዳሉፔ ተራራ ከፊቱ ይገተራል። በ1972 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው በዚህ ነው። 2,667 ሜትር የሚደርሰው ጫፉ በቴክሳስ አቻ የለውም፤ ድንጋዩ ግን ከ260 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በባሕር ውስጥ ሕይወት ያላቸው ፍጡራን የገነቡት ነው። በካምፑ እንጨትም ሆነ ከሰል ማንደድ ክልክል በመሆኑ፣ መንገደኛው ከዋክብቱን እያየ ያድራል። በማግስቱ የኒው ሜክሲኮን ድንበር ተሻግሮ ወደ ካርልስባድ ዋሻ ይወርዳል።

የዚህ ዋሻ ዝና ከአንድ ከብት ጠባቂ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ጂም ኋይት በ1898፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከኮረብታው ላይ ጥቁር ጭስ የመሰለ ነገር ሲነሣ ተመለከተ። ቀርቦ ሲያይ ግን ከምድር ሆድ እየተትጎለጎለ የሚወጣ የሌሊት ወፍ መንጋ ሆኖ አገኘው። ከቀናት በኋላ ገመድና ሽቦ ይዞ ተመለሰ፤ ከእንጨትና ከሽቦ መሰላል ሠርቶ፣ የላምባ ፋኖሱን አንጠልጥሎ ወረደ። ለዓመታትም እየተመላለሰ ለአዳራሾቹና ለድንጋይ ዓምዶቹ ስም አወጣላቸው።

ያየውን ሲናገር የሚያምነው አጣ። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዋሻ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ የሌሊት ወፎቹን ኩስ እየዛቁ ለካሊፎርኒያ የፍራፍሬ እርሻዎች ማዳበሪያነት ይልኩት ነበር። ኩሱ ገበያ ነበረው፤ ውበቱ ግን ገና ገዢ አላገኘም። በ1915 ገደማ ሬይ ዴቪስ የተባለ የካርልስባድ ፎቶግራፍ አንሺ የዋሻውን ምስል ለከተማው ሰው እስኪያሳይ ድረስ የኋይት ቃል ወሬ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጎብኚዎች ኩስ በሚወጣበት ባልዲ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ወደ 50 ሜትር ገደማ ይወርዱ ጀመር።

በ1923 ሮበርት ሆሊ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ዋሻውን ለክቶ ሪፖርት አቀረበ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 25 ቀን ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ብሔራዊ ቅርስ ብለው አወጁት፤ በ1930 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የጎረምሳው ቃል በመንግሥት ማኅተም እስኪጸና 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አበው «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላሉ። ኋይት ግን ብቻውን ቢወርድም ቀዳሚ አልነበረም። በዋሻው አፍ ግድግዳ ላይ እርሱ ከመወለዱ ብዙ ዘመን በፊት የተሣሉ ሥዕሎች አሉ። በአካባቢውም የጥንት ሰዎች አጋቬ የተባለውን ተክል ይጠብሱባቸው የነበሩ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ሜስካሌሮ የተባሉት አፓቼዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ምግብ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የአሜሪካ ጦር ከእነዚህ ተራሮች አሳደዳቸው። ተራራው ለብቸኛ መንገደኛ ባዶና ጸጥተኛ ሆኖ የሚታየው በተፈጥሮው ብቻ አይደለም፤ ነዋሪዎቹ ስለተነቀሉም ጭምር እንጂ። ለኋይት ማስረጃ ጠፍቶ ነበር የዘገየው፤ የእነርሱ ማስረጃ ግን በግድግዳው ላይ በግልጽ እየታየ «ዋሻው የተገኘው በ1898 ነው» ይባል ነበር።

ዛሬም በሞቃቱ ወራት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሌሊት ወፎቹ ይወጣሉ። ተመልካቾች ከዋሻው አፍ ትይዩ በተሠሩ የድንጋይ መቀመጫዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ወፎቹ እንዳይረበሹ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ኋይትን ያሳመነለት ካሜራ በዚያች ሰዓት ከኪስ አይወጣም፤ ብቻውን የመጣው መንገደኛም ያየውን የሚመሰክርለት ከጎኑ የተቀመጠው የማያውቀው ሰው ነው።