«እውቂያ» ምን ማለት ነው?

ስልካችሁን በአማርኛ ካደረጋችሁት፣ የሰው ቁጥር የሚቀመጥበትን ቦታ «እውቂያዎች» ይለዋል። ከአንድሮይድ የመጣ ቃል ነው፤ አሁን አሁን በጽሑፍም ይታያል። ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት ገብቶ ግን «እውቂያዎቼን» የሚል ደንበኛ አልሰማሁም። «ኮንታክቱን ወደ አዲሱ ገልብጥልኝ» ነው የሚባለው።

የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን በያዘ አገር ቃል ሲመጣ አስቀድሞ ርባታው ይጠየቃል። እንጠይቀዋ። ገደለ ብሎ ግድያ፣ ቀማ ብሎ ቅሚያ፣ ገፋ ብሎ ግፊያ። በዚህ መንገድ የወጣ ስም ድርጊቱን ይጠራል እንጂ ሰውየውን አይጠራም። «እውቂያ» እንግዲህ ቢበዛ የማወቅ ሥራ ነው። «አራት መቶ እውቂያዎች አሉኝ» ያለ ሰው አራት መቶ ጊዜ ዐወቀ ልንል ነው?

«ትውውቅ» የሚሉም አሉ። ሥሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሁለት ወገን መፈለጉ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቁጥር የያዘ ሁሉ ተዋውቋል አይባልም። ለዝርዝሩ ቴሌ በመጽሐፍ ያሳትመው የነበረው «የስልክ ማውጫ» ይበቃናል። በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ስምና ቁጥር የእኔ ምርጫ «አድራሻ» ነው፤ መልእክት የሚደርስበት። ቴሌግራምስ ቁጥሩን ለሌላ ምን ይፈልገዋል? አድራሻ የቤት ነው ለሚለኝ፣ «የኢሜይል አድራሻ» ስንል ቀበሌ የጠየቀን የለም።

አድራሻ መለወጥም ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ቁጥሮች ሲረዝሙ የደብረ ማርቆስ መነሻ 058 ሆነ፤ ሰው ደብተሩን በእስክሪብቶ አረመ። የዛሬው እርማት ውጭ አገር ያለ ዘመድ ላይ ይብሳል፦ በዚያ አገር ሲም እየተጠቀመ የእኛን ቁጥር በ09 ከመዘገበ መተግበሪያው አያገኘንም። ዜሮው ወጥቶ +251 መቅደም አለበት። ይህንን «ማውጫ ማስተካከል» ብንለው ማንም ይገባዋል።

ከዚያው ከአንድሮይድ የመጣው «ሳንካ» ግን ይመስገን። ሥራን የሚያሰናክል ነገር ሁሉ በአማርኛ ሳንካ ነው፤ የፕሮግራም ስሕተትም ይኸው ነው። ቢሆንም ያለ ቦታው አይጠራ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ቴሌግራም «በመገናኘት ላይ» እያለ ይዞር ነበር። መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና የጫነ ሁሉ በከንቱ ደከመ። ያ ሳንካ አልነበረም፤ መዘጋት ነው።

የባዕድ ቃል ጠልቼ አይደለም። «ስልክ» ራሱ ሽቦ ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ማንም አይቆጨውም። መተግበሪያ የምትተረጉሙ ልጆች፣ «አድራሻ» ካልተዋጠላችሁ «ኮንታክት»ን እንዳለ ተዉት። «እውቂያ»ን ግን ሰርዙልን።