ግግ የተባለው ጥርስ

ከጣርማ በር ግርጌ በደብረ ሲናም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ልጅ ያሳደገች እናት ግግ የሚባለውን ነገር ሳትሰማ አትቀርም። ሕፃኑ ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ግግ ነው ተብሎ ድዱ የሚፈለፈልበት ልማድ እጅግ የቆየ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጊዜ መገጣጠም ይመስላል። ሕፃን ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ከጡት ሌላ መቅመስ፥ መሬት መዳህ፥ ያገኘውንም ወደ አፉ መክተት ይጀምራል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚያው ወራት ክራንቻው ከውስጥ ሆኖ ድዱን ነጣ አድርጎ ያሳብጠዋል። እናት ከንፈሩን ገልጣ ስታይ እብጠቱ ይታያታል፤ የውሃው እድፍ ግን አይታይም። ስለዚህ በጥርሱ ተፈረደበት። የጥንት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ሐኪም በሌለበት ባዩት ነገር ፈረዱ እንጂ።

አዋቂው በምላጭ ወይም በተሳለ ብረት ፈልፍሎ ያወጣውን ለስላሳ ነጭ ነገር ትል ነው ብሎ ያሳያል። ትል ግን አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ መሠረቱ የሚጣለው በማሕፀን ውስጥ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፥ ክራንቻው መጠንከር የሚጀምረው በእርግዝናው 5ኛ ወር አካባቢ ነው። እናቲቱ በሆዷ የሠራችው በአንድ ጥዋት ተነቅሎ ይጣላል።

ከዚህም የተነሣ ደም መፍሰስ፥ መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ሕፃናትን ይገድላሉ። የተረፈውም ቢሆን ቋሚው ክራንቻ በአጠገቡ በመሠራት ላይ ስለ ሆነ ይጎዳበታል፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም ልጁ ከ9 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ ምላጩን ማን ያስታውሳል?

ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። የዴንማርኩ ሊቅ ፒንድቦርግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ስለ ኡጋንዳ ጽፎበታል። ወደ እስራኤል የሄዱትን የቤተ እስራኤል ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም ክራንቻቸው የጎደለ አግኝተዋል። በሀገራችን በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎጂ ልማዶችን የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ561ኛው አንቀጽ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በመንቀል ሕፃንን ለሞት ያበቃ ሰው እንዲቀጣ ደነገገ።

ሕጉ የሚደርሰው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔስ ነገሩ ለነፍሰ ጡሯ በምርመራዋ ቀን ቢነገራት እመርጣለሁ። በእርግዝና ጊዜ የእርሷም ድድ ያብጣል፥ ይደማል፤ በዚህ ምክንያት መፋቂያውን እንዳትተው ሲነገራት፥ ስለሚወለደው ልጅ ጥርስ አብሮ ማስረዳት ይቻላል። ያስቀመጠው ሕፃን ጡት ሳይቋረጥበት፥ ከጤና ኬላ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ ድዱን የሚነካው አይኑር።