የፎረንሲክ ፎቶግራፍና የቪዲዮ ምርመራ

የፎረንሲክ ፎቶግራፍ የወንጀልና የአደጋ ቦታን፣ ኤግዚቢትን እንዲሁም በሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳትን በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆን በሚችል መንገድ የማንሳት ሙያ ነው። የቪዲዮ ምርመራ ደግሞ በአብዛኛው የደህንነት ካሜራ ወይም የሌላ ሰው ስልክ የቀረጸውን ተቀብሎ ምን እንደሚያሳይ፣ መቼ እንደተቀረጸና ተነካክቶ እንደሆነ ያጣራል። ሁለቱንም የሚያስተሳስሯቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በምስሉ ላይ ርቀትና መጠን መለካት ይቻላል ወይ? ከተነሳበት ሰዓት እስከ ችሎቱስ በማን በማን እጅ አለፈ?

አጀማመሩ

ካሜራ መጀመሪያ ለፖሊስ ሥራ የዋለው የት እንደሆነ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አዘውትራ የምትጠቀሰው ቤልጅየም ናት፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ገደማ በብራስልስ እስረኞች ዳጌሮታይፕ በተባለው የጥንት የፎቶግራፍ ዘዴ ተነስተው ነበር ይባላል። የስዊዘርላንዱ ማስረጃ ግን የበለጠ የጠነከረ ይመስላል። ካርል ዱርሃይም የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1852 እና 1853 በበርን ከተማ፣ መኖሪያና ዜግነት የሌላቸውን ተንከራታቾች በመንግሥት ትእዛዝ አንስቷል፤ ምስሎቹም እስከ ዛሬ በቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ቀዳሚነቱን ለእሱ መስጠት የሚያስኬድ ነው።

በፓሪስ ኮምዩን የተባለው የ1871ዱ አብዮታዊ አስተዳደር ከተደመሰሰ በኋላ ፖሊስ ዐማፂዎቹን ለመለየት በፎቶግራፍ ተጠቅሟል። በዚያው ወቅት ፎቶግራፍ አንሺው ዩጂን አፔር ተዋንያን አሰልፎ ባነሳቸው ምስሎች ላይ የእውነተኛ ሰዎችን ፊት ቆርጦ እየለጠፈ፣ የኮምዩኑን ወንጀሎች ያሳያሉ ብሎ ይሸጥ ነበር። በሐሰተኛ ምስል የመታለል ስጋት ከኮምፒውተር ብዙ ቀድሞ የመጣ መሆኑን ይህ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

ሙያውን ሥርዓት ያስያዘው የፓሪስ ፖሊስ ባልደረባ አልፎንስ በርቲዮን (1853–1914) መሆኑ በሰፊው የታመነ ነው። ተጠርጣሪን ከፊት ለፊትና ከጎን፣ በተወሰነ ርቀትና ብርሃን ማንሳት በእሱ ደንብ ሆነ። የሚበልጠው ሥራው ግን በወንጀል ቦታ ያስገባው አሠራር ነው። ካሜራውን በረጅም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከሬሳው በላይ ይሰቅልና ሌንሱን ቁልቁል ያዞረዋል፤ ፎቶውንም ዳርና ዳሩ ላይ መለኪያ በታተመበት ካርቶን ላይ ይለጥፈዋል። በዚህ መንገድ ክፍሉን አይቶት የማያውቅ ዳኛ እንኳ የዕቃዎቹን ርቀት ከምስሉ ማስላት ይችላል። የፎረንሲክ ሳይንስ ምሁሩ ሮዶልፍ አርቺባልድ ራይስ በ1909 በሎዛን ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ ሳይንስ ተቋም ሲመሠርት ፎቶግራፍ የትምህርቱ ማዕከል ነበር።

በቦታው ላይ

የተለመደው ቅደም ተከተል ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከዚያም ከቅርብ ማንሳት ነው። የመጀመሪያው ቦታውን፣ ሁለተኛው ዕቃው ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ሦስተኛው ዝርዝሩን ያሳያል።

ጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ዱካ ጥሩ ማሳያ ነው። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ ከዱካው ትክክል በላይ ይቀመጣል፤ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ልኬቱ ይዛባል። ዱካው መጀመሪያ እንዳለ ይነሳል፤ ከዚያ ከጎኑ ማስመሪያ ይደረጋል፤ የማስመሪያውም ከፍታ ከዱካው ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት። የፀሐይ ብርሃን በጥላ ይከለልና ፍላሹ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ከጎን ይበራል፤ ጥላው የሶሉን ጥርስ የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። አንዱን ጎን የሚያጎላ ብርሃን ሌላውን ስለሚሸፍን ከተለያየ አቅጣጫ ይደጋገማል። የደበዘዘ ፎቶ ቢኖር እንኳ አይሰረዝም፤ ከፎቶዎቹ ተከታታይ ቁጥር አንዱ ከጎደለ ተከላካይ ጠበቃ የሚጠይቀው ስለ ጎደለው ነው።

የቪዲዮ ምርመራ

መርማሪው መቅረጫው ዘንድ ሲደርስ ቀድሞ የሚያደርገው መቅረጫው የሚያሳየውን ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መጻፍ ነው። ይህ ከተዘለለ ንጹሕ ሰው በሌለበት ሰዓት ቦታው ላይ እንደነበረ ሊቆጠርበት ይችላል። ፋይሉ መቅረጫው ባስቀመጠበት ፎርማት ይገለበጣል፤ ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ወይም ወደ ሌላ ፎርማት መቀየር ዝርዝሩን ያጠፋል። ለቅጂው ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የሀሽ ቁጥር ይወጣለታል፤ ፋይሉ በጥቂቱም ቢለወጥ ቁጥሩ አይገጥምም። ምርመራው በሥራ ቅጂ ላይ ብቻ ይካሄዳል።

ሌላው የምርመራ ዘዴ ቪዲዮው የተሠራባቸውን ተከታታይ ምስሎች፣ ማለትም ፍሬሞችን፣ መቁጠር ነው። የቆጠራውን ኃይል በተሻለ የሚያሳየው አብርሃም ዛፕሩደር ኅዳር 22 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በዳላስ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ የቀረጸበት 8 ሚሊሜትር ፊልም ነው። የኤፍቢአይ ላቦራቶሪ ካሜራውን ፈትሾ በሴኮንድ በአማካይ 18.3 ፍሬም እንደሚያነሳ አረጋገጠ፤ ፊልሙም እንደ ሰዓት ማገልገል ጀመረ። ግድያውን ያጣራው የዋረን ኮሚሽን ለግድያው የዋለው ጠመንጃ በሁለት ተኩስ መካከል ቢያንስ 2.3 ሴኮንድ እንደሚፈልግ ስለተቀበለ፣ ይህ ወደ 42 ፍሬም ያህል ይሆናል። የተኩሱ ክርክር ብዙው በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

በዲጂታል ቪዲዮ ግን ቆጠራው ጥንቃቄ ይሻል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ሆነው የሚቀመጡት ፍሬሞች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው ተነስተው የሚሰሉ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ፍሬም ላይ እጅ ላይ የታየ ጥቁር ነገር መሣሪያ ነው ከማለት በፊት የፍሬሙን ዓይነት ማወቅ የግድ ነው።

ምስልን ማብራት ወይም ማጉላት፣ እርምጃው እስከተመዘገበ ድረስ፣ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2024 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት እንዲህ የተጠራ የስልክ ቪዲዮን በማስረጃነት አልቀበልም ብሏል።

የሙያ ማረጋገጫ

በ1915 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የመታወቂያ ማኅበር ለፎረንሲክ ፎቶግራፍ አንሺዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

በኢትዮጵያ

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ዲጂታል ማስረጃ ተቀባይነትና ትክክለኛነት የሚደነግጉ አንቀጾች አሉት።