ወሰን የሚጸናው በምስክር ነው

ልጆቼ ሆይ፤ ሰው ፈጥኖ ከሚገባባቸውና ዘግይቶ ከሚወጣባቸው ጠቦች አንዱ የወሰን ጠብ ነው። አባቶቻችን «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ቀድሞ በወሎ ገበሬ ከገበሬ ጋር በማሳ ድንበር ይካሰስ ነበር። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ጌሾና ጎመን የተከለች የቤት ባለቤት በጓሮዋ አጥር ምክንያት ፎቅ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ስትሟገት ይታያል። ባለጉዳዮቹ ቢለወጡም ጥያቄው ያው ነው፤ ይኸውም ይህ መሬት የማን ለመሆኑ ማን ይመሰክራል? የሚል ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ ሕዝቧ በዛ እንጂ ሜዳዋ አልሰፋም። ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻም በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። መሬት ሲወደድ ደግሞ አጥር እግር ያወጣል።

በርስት ዘመን የመሬት መዝገቡ በአብዛኛው የሰው አእምሮ ነበር። ባለርስቱ መብቱን የሚያስረዳው የዘር ሐረጉን ወደ ላይ እየቆጠረ ነው፤ ወሰኑም ወንዝ፣ ገደል፣ ዋርካ ወይም የቆመ ድንጋይ ነበር። ሙግት በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች ምለው ወሰኑን ያሳዩ ነበር። ድንጋይ ይነቀላል፤ ወንዝም መንገዱን ይለውጣል፤ ሽማግሌው እውነቱን ከተናገረ ግን ወሰኑ ይጸናል። የሥርዓቱ ጉድለትም እዚያው ላይ ነበር፤ ሽማግሌው ካደላ ድሀው መሬቱን ያጣልና።

በ1967 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። እኔ በዚያ ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ፤ ከክፍላችን ልጆች ከፊሎቹ የባለርስት፣ ከፊሎቹም የጭሰኛ ልጆች ነበሩና አንዱ ሲደሰት ሌላው ሲያዝን አየሁ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ግን እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ ነገር ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው የራሱ ነው አለ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ መክፈል አለበት። እንግዲህ ቤት ሠሪ ድርጅት ገንዘብ ስላለው ብቻ የሰው አጥር ሊገፋ አይችልም።

ባለጸጋ የድሀን ጓሮ መመኘቱ ጥንታዊ ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚተርከው ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለ ሆነ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነበር። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ልካ ሁለት ሐሰተኞች አስመሰከረችበት። ማኅተሙ እውነተኛ ነበረ፤ ምስክሩ ግን ሐሰት ነበረ።

በአሜሪካም ኒው ለንደን በምትባል ከተማ ሱዜት ኬሎ የተባለች ሴት ቤቴን ለልማት ድርጅት አልለቅም ብላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተች። በ1997 ዓ.ም. ዳኞቹ 5 ለ 4 ፈረዱባት። ሕጉ ተፈጽሞ ሰዎቹ ለቀቁ፤ ተስፋ የተሰጠበት ሕንፃ ግን ሳይሠራ ቦታው ለብዙ ዓመታት ሣር በቀለበት። ስለዚህ ለወሰን ብቻ ሳይሆን ለልማት ቃል ኪዳንም ምስክርና ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

በእኛ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የቁልቋል አጥራቸው ተነቅሎ ለፎቅ መሠረት ሲቆፈር አገኙ። እሳቸውም «በሕግ አምላክ!» ብለው ቆሙ፤ በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ከነበረበት ንቅንቅ አለማለቱ የቆየ የአገራችን ልማድ ነውና ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አስቀመጡ። ወይዘሮዋ አልተሳደቡም፤ ካርታቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ቀያሹ በመጣ ጊዜ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑን ጎረቤቶች ተጠርተን ቆምን። ሲለካ ጉድጓዱ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጓሯቸው ገብቶ ተገኘ፤ ድርጅቱም ጉድጓዱን ደፍኖ አጥሩን በድንጋይ ሠራ። ነገር ግን ልኬቱ በዚህ አላበቃም፤ በመንገዱ በኩል የባልቴቲቱ ቁልቋል ዓመት በዓመት እየሰፋ ግማሽ ሜትር የሕዝብ መንገድ ይዞ ነበር። እሳቸውም በማግስቱ ሠራተኛ ቀጥረው አስነቀሉት። ከጎረቤቶቹ አንዱ «ይህን እንኳ ማንም አልጠየቀዎትም» ቢላቸው፣ «ሜትሩ ጠይቆኛል» አሉት።

ልጆቼ ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ ነገ ከእናንተ አንዳንዱ ባለቤት፣ አንዳንዱ ቀያሽ፣ አንዳንዱም ቤት ሠሪ ስለሚሆን ነው። ባለቤት የሆንህ እንደ ሆነ ካርታህን ጠብቅ፤ ወሰንህን ለልጆችህና ለጎረቤቶችህ በእግርህ አሳይ፤ ስትገፋም ከድንጋይ ይልቅ ሕግን አንሣ። ቀያሽ የሆንህ እንደ ሆነ ሜትርህን ለባለጸጋ አታሳጥር፤ ለድሀም ብለህ አታስረዝም። ቤት ሠሪ የሆንህ እንደ ሆነ ዶማህን ሳታነሣ አስቀድመህ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ለምስክርነት በተጠራችሁ ጊዜም የወዳጃችሁ አጥር ያለፈበትን ስፍራ እንደ ጠላታችሁ አጥር አድርጋችሁ ተናገሩ።