ያልታሰሩት ሦስት አሸንዳዎች

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ እህቴ ከመቀሌ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የትንሿ ልጇ ደብተር ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የክረምት ትምህርት ትማራለች፣ ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይዛ እንድትመጣ የታዘዘችው ነገር ተዘርዝሯል፦ ሪቫን 2 ሜትር፣ አረንጓዴ ፌልት 3፣ ቢጫ ፌልት 1፣ መቀስ። ከፎቶው ሥር እህቴ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ፌልት ምንድነው ደግሞ? ሮማናት አካባቢ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። አንዱ የኮፍያ ጨርቅ ነው አለኝ፣ አንዱ የሞባይል ከቨር አወጣልኝ፣ ሦስተኛው ሳቀብኝ።»

እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ ቁልፍ እንኳ በወጉ አልተክልም። ግን አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ፣ ንባቡም ዞሮ ዞሮ ያልጠበቅኩት ቦታ አደረሰኝ፦ እናቴ ወገብ ላይ ካለው መቀነት።

ከሪቫን ልጀምር። ሪቫን እኛ ሀገር የታወቀው በመቀስ ነው። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ይቆርጣል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሪቫኑ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሪቫን ማለት ሁለቱም ጠርዞቹ ሳይቆረጡ የተሸመኑ ጠባብ ጨርቅ ነው። በጎን በኩል አይተረተርም፣ የሚተረተረው በመቀስ የቆረጥከው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሪቫን በአንድ ጊዜ የሚሸምን መሣሪያ ሲመጣ፣ የሸማኔ ማኅበራት «እንጀራችንን ሊቀማን ነው» ብለው በየከተማው አሳግደውታል። የስዊዘርላንዷ ባዝል ግን ተቀበለችው፣ በሪቫንም ሀብታም ሆነች። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዛሬ የምንጨቃጨቀውን ስሰማ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ፌልት ደግሞ ከሽመናም በፊት ያለ ይመስላል። ክር የለውም፣ ድርና ማግ የለውም። የበግ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። በሙቅ ውሃ ተነክሮ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚለያቸው የለም። ለዚህ ነው የትም ብትቆርጠው የማይተረተረው፣ ለዚህም ነው ለልጅ የሚመቸው፦ መቀስ ብቻ ይበቃል፣ መዝምዘዝ የለ፣ መርፌ የለ። በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ በረዶ ውስጥ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆዩ መቃብሮች ሲቆፈሩ ከፌልት የተሠሩና ውስጣቸው የተጠቀጠቀ የዝይ መሰል ወፎች ተገኝተዋል፣ ቅርጻቸው እስከ ዛሬ አልጠፋም። የዛሬው የልጆች ፌልት ግን አብዛኛው በግ አይቶ አያውቅም፣ ፕላስቲክ ነው።

እነዚህ ሁለቱ እንዴት መዋዕለ ሕፃናት ገቡ? ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ማዋያ ከፈተ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም «የልጆች አትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣለት። ልጅ የሚማረው በእጁ ነው ብሎ ስላመነ ወረቀት ማጠፍ፣ ቁራጭ ወረቀት እንደ ሰሌን መጎንጎን፣ መስፋት የትምህርቱ አካል አደረጋቸው። ሐሳቡ ዓለምን ዞረ። አብሮት ግን የአውሮፓ የወቅት አቆጣጠርም ዞረ። የልጆች እጅ ሥራ መጽሐፍ ብትከፍቱ በመጸው የሚረግፍ ቅጠል፣ በክረምት የበረዶ ሰው ነው። የኛ ክረምት እኮ በረዶ ሰው አያውቅም! የኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ አበባ ነው። መቀሌ ያለች ልጅ በታኅሣሥ ፀሐይ ላብ እያላባት የጥጥ በረዶ ስትለጥፍ አስቡት።

ይሄን ስል ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ታዲያ የኛ ልጆች በየወቅቱ ምን ይሠሩ ነበር?

ስንቆጥር ብዙ ነው። ለነሐሴ 13፣ ለቡሄ፣ ልጆች ቃጫ አርጥበው ጅራፍ ይገምዳሉ። ግመዳው ከላላ አይጮኽም፣ ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ማንም መምህር ሳያስተምር የሰፈር ልጅ ከሰፈር ልጅ ይማረዋል። ለእንቁጣጣሽ አበባና መላእክት በቀለም ተስለው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ሴቶቹ ሣርና አደይ አበባ ይነቅላሉ። ትግራይ ውስጥ ወንዶቹ ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ «ሆየ ሆየ» እያሉ ችቦ ይዘው ይወጣሉ። ለገና ጫፉ የተቆለመመ እንጨት ተፈልጎ ዱላ ይሆናል፣ ሩሩም ይዘጋጃል። ለሆሳዕና ዘንባባ ቀለበት ይሆናል፣ መስቀል ይሆናል፣ ግንባር ላይ ይታሰራል።

አንዱንም ሱቅ አይሸጠውም ነበር። ዕቃው ራሱ ወቅቱን ይናገራል። አደይ አበባ የምትገኘው መስከረም አካባቢ ነው፣ በሚያዝያ ብትፈልጋት የለችም። ልጅ የቀን መቁጠሪያ ሳያነብ ወሩን በእጁ ያውቀዋል።

ከሁሉም በላይ አሸንዳ አለ። ሮማናትን ለማያውቅ ሰው፦ በመቀሌ መሐል ያለ አደባባይ ነው፣ ስሙ የሮማን ብዙ ቁጥር ነው። በአዘቦት ቀን ባጃጅ፣ ካፌ፣ የልብስ ሱቅ ነው። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ቀን፣ ነሐሴ 16፣ ግን የሴት ልጆች ነው። ጥልፍ ቀሚስ፣ ሹሩባ፣ ከበሮ፣ ወገብ ላይ ደግሞ አሸንዳ የሚባለው ረጅም ለምለም ሣር። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው ለምለም ነገር ግን ያገናኛቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ካለችው የዮፍታሔ ልጅ ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

አሠራሩን ከእናቴ ነው የማውቀው። አደይ መጀመሪያ ገመድ ትወጥራለች፣ ሣሩን ሁለት ሁለቱን ታጥፋለች፣ በገመዱ ላይ አሳልፋ በራሱ ቀዳዳ ታወጣና ትስባለች። ሌላ ሁለት፣ ሌላ ሁለት። ልጅቷ ስትዞር ሣሩ አብሯት ይዞራል። ከላይ መቀነቱ ይጠመጠማል። መቀነት ራሱ ሰፊ ሪቫን አይደል? ሣሩም ረጅም፣ ጠባብ፣ ጠርዙ የማይተረተር፣ መሬት የሸመነችው ሪቫን ነው። እህቴ ሦስት ሱቅ ዞራ ያጣችው ነገር እኛ ቤት ጓሮ ነበረ ማለት ነው።

ግን ይሄ ሣር አንድ ጠባይ አለው፦ አይቆይም። በሦስት በአራት ቀን ይጠወልጋል፣ ይደርቃል፣ ይጣላል። ለከርሞ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። በየዓመቱ ከዜሮ መሠራት አለበት። እውቀቱም እንደ ሣሩ ነው። የትም አልተጻፈም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከትልቋ ወደ ትንሿ፣ በእጅ ይተላለፋል። በኛ ሙያ ቋንቋ ዶክመንቴሽን የሌለው ሲስተም ነው፣ የሚኖረው በየዓመቱ ሰው ስለሚያስነሳው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ዓመት ቢቋረጥስ?

ተቋርጧል። ነሐሴ 2012 ኮሮና ነበር፣ መሰብሰብ አልተቻለም። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ነሐሴ 2013 ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መብራት የለም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እናቴ በሕይወት መኖሯን የምሰማው ከሰው ከሰው ነበር፣ አሸንዳ ትዝም አላለኝ። ነሐሴ 2014 ተስፋ ነበረ፣ ከበዓሉ በሁለተኛው ቀን ግን ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ። በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ 20፣ መቀሌ ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በአየር ጥቃት ተመታ። ዩኒሴፍ ሕፃናት መገደላቸውን ገልጾ አወገዘ። ፍሮበል «የልጆች አትክልት ቦታ» ያለው ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን ወደ መቀሌ መብረር ጀመረ። ሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች በዚያው ዓመት መከፈት ጀመሩ። እኔ ቤት የደረስኩት በነሐሴ ነው። አሸንዳ ወደ አደባባይ ተመልሶ ነበር።

በዋዜማው ማታ የእህቴ ትልቋ ልጅ ሣር ታቅፋ ገባች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የመጨረሻውን አሸንዳ ስታከብር አምስት ዓመቷ ነው፣ ያኔ ያሰረችላት አደይ ናት። ሣሩን ምንጣፍ ላይ ዘረጋችና ቆመች። ገመዱን አየች፣ ሣሩን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ኣኮይ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?»

ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ልጅ ከትልልቆቹ እያየ የሚማርበት ዕድሜ ነው። እሷ ያንን ዕድሜ ያለ አሸንዳ አሳልፋዋለች። እሷ ብቻም አይደለችም፣ የሰፈሩ እኩዮቿ ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ጦርነት ስለሚያፈርሰው ድልድይና ፋብሪካ ብዙ ይወራል፣ ይቆጠራልም። አንዲት ልጅ ሣር ይዛ መሐል ቤት መቆሟን ግን የሚቆጥረው የለም።

አደይ ምንም አላለችም። እጇን ታጠበች፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ገመዱን አንዱን ጫፍ በእግር ጣቷ ያዘች። «ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት። እኩለ ሌሊት ድረስ አሰሩ። የጎረቤት ልጆች እየሰሙ መጡ። በማግስቱ ሮማናት ላይ ሣራቸው ወጣ ገባ ያለ፣ ገና ከጠዋቱ የሚፈታ ልጆች ብዙ አየሁ። እንደዚያ የተበላሸ አሠራር ደስ ብሎኝ አያውቅም፦ ራሳቸው እንዳሰሩት ያስታውቃል።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ ዝርዝር ልመለስ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሣሩ በር ላይ እያለ ፕላስቲክ ፌልት ግዙ ይባላል? ለእህቴ ረጅም የድምፅ መልእክት ልኬ ነበር። የሷ መልስ አጭር ነው፦ «በ2013 አንድ ፌልት ሣጥን ውስጥ ቢኖረኝ ኖሮ ልጄ አትረሳም ነበር።»

ዝም አልኩ። ባክአፕ ማለት ይሄ አይደል? እኔ በየቀኑ የሰው ዳታ ባክአፕ እያደረግኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዱባይም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ሣሩ የማይበቅልበት ሀገር የምታድግ ልጅም አለች።

ስለዚህ ፌልቱን ከዚህ ገዝቼ ላክሁ፣ ከአሠራር ጋር። ለምትፈልጉ እነሆ። አንድ የፌልት ሉሕ በአብዛኛው 30 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን ተከትላችሁ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች ስትቆርጡት አሥር ይወጣል፣ ከሦስት ሉሕ ሠላሳ። የስድስት ዓመት ልጅ ወገብ ወደ 53 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሠላሳው ይበቃል። በእያንዳንዱ ዘንግ አናት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቁመቱን ተከትላችሁ ሰንጥቁ። ዘንጉን ሪቫኑ ላይ አድርጉ፣ የታችኛውን ጫፍ በስንጥቁ አሳልፉ፣ ሳቡ። አደይ ሣሩን የምታስርበት ዘዴ ነው፣ ያው ነው። ሪቫኑ 1 ሜትር ከሆነ ለቋጠሮ ይተርፋል፣ ጫፉ እንዳይተረተር ትልቅ ሰው በሻማ ያሳርረዋል። የቀረው 1 ሜትር ለፀጉር ነው። ቢጫው አደይ አበባ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሙጫ አትጠቀሙ።

ነሐሴ 16 ትንሿ ሮማናት የወጣችው በሣሩ ነው። ትልቋ ናት ያሰረችላት። ሣሩ በሦስተኛው ቀን ደረቀ፣ ተጣለ።

መስከረም ላይ በቪዲዮ ደወሉልኝ። ትንሿ የፌልት ቀሚሷን ፈታታዋለች፣ ሠላሳው አረንጓዴ ዘንግ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ምነው አበላሸሽው አልኳት። ስልኩን ወደ ጎን አዞረችው፣ የጎረቤት ሕፃን፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሪቫኑን በእግር ጣቷ ይዛ ተቀምጣለች።

«ኣኮይ ቆይ፣ እያስተማርኳት ነው» አለችና ዘጋችው።